ድንጋዩን ማን ያውርደው

ድንጋዩ ጥቁር ነበር፤ የወፍጮ መጅ ያህላል። ከመሬት ሲነቀል የያዘው አፈር አንድ ጎኑ ላይ እንደ ደረቀ አለ። አጎቴ በሁለት እጁ ደግፎ ማጅራቱ ላይ አኑሮታል። አጎንብሶ ስለቆመ ፊቱ አይታየኝም። የሚታየኝ የሳሳው የአናቱ ጸጉር፣ የጋቢው ጥለትና ባዶ እግሩ ነው። ጫማውን ቅጥሩ በር ላይ አውልቆታል። የጥር ውርጭ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሣም ነበርና የእግሩ ጣቶች ተኮማትረዋል።

«ማረኝ» አለ። «ስለ ማርያም ብለህ ማረኝ።»

ዝም አልኩ።

ዕለቱ ጥር 22 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ የአስተርእዮ ማርያም ማግስት ነው። ቦታው መንዝ፣ በትውልድ መንደሬ ማርያም ደጅ ያለው ጥድ ሥር። አምስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። በእኛ ዘንድ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ ፊት ይቀርባል። ድንጋዩን የሚያወርድለት ሽማግሌው አይደለም፣ ቄሱም አይደለም፤ የተበደለው ሰው ራሱ ነው። እስኪያወርድለት ድረስ እንዳጎነበሰ ይቆማል።

«ልጄ፣ አዛውንት ከነሸክሙ አይቆምም» አሉኝ አንደኛው ሽማግሌ።

እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ።

ነገሩ የመሬት ነው። በርስት የመጣ ነገር መንዝ ውስጥ እንዴት እንደሚከር አገሩን የሚያውቅ ያውቀዋል። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠር ስለነበር ዘመድ ከዘመድ መካሰስ ከቅድመ አያቶቻችን የወረስነው ሕመም ነው። አባቴ በ1996 ዓ.ም. ሲያርፍ ለእናቴ ከጓሯችን እስከ ወንዙ የሚወርድ የገብስ ማሳ ቀረላት። የይዞታ ደብተር ሊሰጥ መሬቱ ሲለካ የድንበሩ ድንጋዮች ተነቅለው ወደ እኛ ገብተው ተገኙ። አንድ ጥማድ የሚሆን መሬት በአጎቴ ስም ተመዘገበ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። የአባቴ ተዝካር ከወጣ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር።

እናቴ በ1998 ከሰሰች። ቆሎና የበሶ ጭብጦ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ በኮንጎ ጫማ፣ ከመንደር ወረዳ ትመላለስ ነበር። ቀጠሮ፣ ከዚያ ሌላ ቀጠሮ። ያ ኮንጎ ጫማ ተረከዙ ላይ ተሰንጥቆ በሽቦ የሰፋችው ነው፤ ሽቦው እግሯን እየበላት እንኳ አልጣለችውም። በ2003 ዓ.ም. አረፈች። መሬቱ ለእኛ የተፈረደው በ2004 ነው።

የክሱን ወረቀቶች አልጣልኳቸውም። ደብረ ብርሃን ባለው ቤቴ አንድ ካርቶን ውስጥ ተቀምጠዋል። ክሱ፣ የመከላከያ መልሱ፣ የመጥሪያው ወረቀት፣ የምስክሮች ቃል። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አውጥቼ ሳገላብጥ ከዚያ በፊት ያላየሁትን አየሁ። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ከቀኑ ቀጥሎ ዓ.ም. ተብሎ ተጽፏል። ዓመተ ምሕረት። የወንድሙን ሚስት የካደበት ወረቀት ላይ፣ እኛም እሱን የከሰስንበት ወረቀት ላይ፣ የምሕረት ዓመት ነው ብለን ጽፈናል። ዕድሜ ልካችንን የምንጽፈው ቃል ነው፤ እኔ ግን እስከዚያች ሌሊት አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም።

በ2009 መግቢያ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ አጎቴ ሽማግሌ ላከ። መለስኳቸው። ደግሞ ላከ። አሁንም መለስኳቸው። በሦስተኛው የነፍስ አባታችን ራሳቸው ከመንዝ ተነሥተው፣ በሞላሌና በመዘዞ አድርገው ጣርማ በር ላይ አስፋልቱን ይዘው፣ ደብረ ብርሃን ቤቴ ድረስ መጡ። ሻይ አፈላሁላቸው። ስለ በጎች፣ ስለ በልጉ ዝናብ አወራን። ከዚያ ሳይጠይቁኝ ራሴ ጀመርኩ።

«አባ፣ የወንጌሉን ቃል አውቀዋለሁ። እልፍ መክሊት የተተወለት ባሪያ መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አንቆ ያዘ። የእኔ ነገር ግን መቶ ዲናር አይደለም። እናቴ ናት።»

«መቶ ዲናር ትንሽ ነው ያለህ ማን ነው?» አሉኝ።

የምመልሰው አጣሁ።

«ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነው። የወይኑ ሠራተኞች ከማለዳ እስከ ማታ የሠሩት በአንድ ዲናር ነው። መቶ ቀን የሰው ማሳ አርመህ ገንዘብህን ብትከለከል ትንሽ ነው ትላለህ?»

ልጅ ሆኜ ስሰማው ያደግሁት ትርጓሜ ሌላ ነበር፤ የባልንጀራው ዕዳ ሳንቲም የማታህል፣ ያችን እንኳ መተው ያቃተው ባሪያ ክፉ። እሳቸው ያሉኝ የተገላቢጦሹ ነው። ጌታ የበደለህን ሰው ዕዳ አላሳነሰውም። የመቶ ቀን ድካም ነው፤ አንድ ገበሬ ቤት ውስጥ መቶ ቀን ከክረምት እስከ አጨዳ ሊያደርስ ይችላል። ትልቅ ዕዳ ነው። ያነሰው ከሌላው አጠገብ ሲቆም ብቻ ነው።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሌላውን ዕዳ አስልቼ አየሁት። አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ይመነዘር ነበር። እልፍ 10,000 ነው። ሲባዛ 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ይሆናል፤ ሰውየው ሰንበት እንኳ ሳያከብር፣ አንድም ቀን ሳይታመም ቢሠራ ከ164,000 ዓመት በላይ። ይህ ሰው ከጌታው እግር ሥር ወድቆ ምን ብሎ እንደለመነ ተመልከቱ፦ «ጌታ ሆይ፥ ታገሠኝ፥ ሁሉንም እከፍልሃለሁ።» ምሕረት አልለመነም። ቀጠሮ ነው የለመነው። ጌታው ደግሞ ቀጠሮ አልሰጠውም፤ ዕዳውን ተወለት። እኔ እንደሚመስለኝ ያ ባሪያ የተሰጠውን አልሰማውም። ከደጅ ሲወጣ ገና ከፋይ ነበር፤ ገና በልቡ ያሰላ ነበር፤ ስለዚህ የሚከፍልበትን ገንዘብ ፍለጋ የመጀመሪያውን ባለ ዕዳ አነቀ። በጸጋ መዳኑን ያላመነ ሰው ሌላውን ሰው ማነቁ አይቀርም። ይህን የምለው ስለ ራሴ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጸሎቴን ለእግዚአብሔር እንደ ደረሰኝ ስቆርጥ ኖሬያለሁና፤ ይህን ያህል ጾምኩ፣ ይህን ያህል ሰገድኩ፣ ስለዚህ የእኔን ፍርድ ስጠኝ።

የአቡነ ዘበሰማያቱ የግእዝ ቃል «ኅድግ ለነ አበሳነ ወጌጋየነ» ይላል። ተውልን ማለት ነው። አማርኛችን «ይቅር» ይላል፤ ይቅር፣ አይምጣ፣ አይጠየቅ ማለት ነው። በደሉ አልነበረም አይልም። «ምንም አይደል» ማለትና «ይቅር» ማለት አንድ አይደሉም። ምንም ካልሆነ የሚቀር ነገር የለማ! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ እውነት ነው፣ ተወጋ የተባለ ሁሉ ጠባሳ አለው። ይቅርታ የሚጀምረው ጠባሳውን አይቶ፣ ስሙን ጠርቶ፣ «ይህ ተደርጎብኛል» ካሉ በኋላ ነው።

ለዚህም ነው ሰውን ይቅር በል ብሎ ማቻኮል የሚያስፈራኝ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ቤትና ንብረታቸውን ያጡ ብዙ ሰዎች ወደ ደብረ ብርሃን መጥተው ነበር። ብርድ ልብስ ይዘን ስንሄድ ከእኛ መካከል አንዱ፣ በጎ አስቦ ነው፣ አንዲትን እናት «እንግዲህ ይቅር ማለት ነው» አላት። ቀና ብላ አየችው፤ ምንም አልመለሰችለትም። ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ያን ቀን አፈርኩ። ከፊቷ ድንጋይ ተሸክሞ የቆመ ሰው አልነበረም። ያልተጠየቀችውን ይቅርታ በእሷ ስም የምንሰጥ እኛ ማን ነን? እሷ በልቧ ከአምላኳ ጋር የምታደርገው ነገር ካለ የእሷና የእሱ ነው።

የእኔ ግን ሌላ ነበር። ከፊቴ ሰው ቆሟል።

ልጅ ሆኜ እናቴ ከተአምረ ማርያም የበላዔ ሰብእን ታሪክ የሰማች ዕለት ማታ ለእኛ ትደግመው ነበር። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ ሰው፤ በውኃ ጥም የሚቃጠል ድኃ ስለ ማርያም ብሎ ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ በፍርድ ቀን ያች ጥርኝ ውኃ በሚዛን ስትቀመጥ ሰባ ስምንቱን ነፍስ አነሣች። ይህ ታሪክ ያናድደኝ ነበር። አንድ ማታ «ሰባ ስምንቱስ?» አልኳት። «የሞቱትስ፣ የእነሱን ማን ይጠይቃል?»

እናቴ እሳቱን እያስተካከለች ብዙ ቆየች። «እኔ እንጃ ልጄ» አለች። «እኔ ግን ጥርኟን ውኃም መስጠቴን እጠራጠራለሁ።»

ይህች ናት በኋላ በአጎቴ ምክንያት ወረዳ ስትመላለስ የሞተችው። እንዲህ ያለች ሴት ይህን ያህል ስትበደል ማየት ነው እኔን ያመረረኝ። እሷ ግን የተማረረች ቀን ትዝ አይለኝም። ከሳሽ ሆና ሳለ የአጎቴ ሚስት ስትወልድ ገንፎ ይዛ ሄዳለች። መብቷን አልተወችም፤ ቀጠሮ አንድም ቀን አላለፋትም። ገንፎውም አልቀረም። ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ እስከ ዛሬ እያሰብኩት ነው።

ጥዱ ሥር የቆምኩት ይህን ሁሉ ይዤ ነው። ድንጋዩን ያወረድኩት በምን ኃይል እንደሆነ ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም፤ ኃይል አልነበረኝም። ብቻ የአጎቴ ክርን መንቀጥቀጥ ጀመረ። አየሁት። ያን ክርን አውቀዋለሁ፤ የአባቴ ክርን ነው። ሄድኩና እጄን ከድንጋዩ ሥር ሰደድኩ። ያጎነበሰ ሰው ማጅራት ላይ ያለ ድንጋይ ቆመህ አይወርድም፤ አብረህ ማጎንበስ አለብህ። ጭንቅላቴ ጭንቅላቱን ነካ። ትንፋሹ የቆሎ ሽታ ነበረው። ድንጋዩን ጥዱ ሥር ጣልኩትና፣

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ። ከዚያ ቀጥሎ ያወጣሁት ቃል ራሴን አስደነገጠኝ። «ጋሼ፣ ቀና ይበሉ።»

ክሱ ከተጀመረበት ቀን ወዲህ አጎቴን አንቱ ብዬ አላውቅም ነበር። አንተ ለማለት እንኳ አልበቃም፤ ስሙን አልጠራውም፣ «እሱ ሰውየ» ነበር የምለው። ይህን ጽሑፍ ስጀምርም እጄ «አለ» ብሎ ጻፈ፤ ያን ቀን ከድንጋዩ በፊት የነበረኝን ልብ ነውና አላረምኩትም። ድንጋዩ ከወረደ በኋላ ግን አጎቴ ለእኔ ጋሼ ናቸው።

ካህኑ ሁለታችንንም በመስቀል ባረኩን፤ ተቃቅፈን ተሳሳምን። በቅዳሴው ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተለዋወጡ ሲል እኔ ለዓመታት ራሴን ዝቅ አድርጌ የማልፈው ለአጠገቤ ሰው ነበር። ሰላም የነሣሁት ሰው ግን ያን ጊዜ ሁሉ መንዝ ውስጥ ነበር።

እርቅ ደም ያደርቅ ይላሉ። እኔ እንዳየሁት በአንድ ቀን አያደርቅም። በሳምንቱ የእናቴን ኮንጎ ጫማ ከሳጥን ውስጥ አገኘሁት፤ ሽቦው ዝጓል። ደሜ እንደገና ፈላ። ወረቀቱን ሳይ፣ የገብስ እሸት ሳይ፣ የሰው እናት ፍርድ ቤት ደጅ ተቀምጣ ሳይ ነገሩ አዲስ ይሆንብኛል። ጴጥሮስ ስንት ጊዜ ይቅር ልበል ብሎ ሲጠይቅ የተመለሰለት ሰባ ጊዜ ሰባት፣ ስለ ብዙ በደል ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ በደል ብቻውን ይህን ያህል ጊዜ ሊመለስ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ግን ከዚህ የባሰ ሌላ ነገር ነበረኝ፤ ለማንም ያልነገርኩት።

በክሱ መጨረሻ ላይ የእኛ ምስክር «ሌሊት ድንጋዩን ሲነቅል በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ነበር። ፍርዱ ያጋደለው በዚህ ቃል ነው። ሰውየው አላየም። ማንም አላየም። ድንበሩ መገፋቱ እውነት ነበር፤ ያየ ሰው ግን አልነበረም። ቃሉን ያስጠናሁት እኔ ነኝ፤ እናቴ በሞተች በአራተኛው ወር፣ ደብረ ብርሃን አንድ ጠላ ቤት ውስጥ ተቀምጠን። ከዚያ ምስክርነት በኋላ አጎቴን ከጽዋ ማኅበር አስወጧቸው። ኦሪት ዘዳግም «የባልንጀራውን የድንበር ምልክት የሚነቅል ርጉም ይሁን» ይላልና፣ ሌሊት ሲነቅል የታየ ሰው ጋር ጽዋ የሚጠጣ አልተገኘም።

ድንጋዩን ከጋሼ ማጅራት ሳወርድ ይህን አውቃለሁ። ሽማግሌዎቹ ተበዳይ ብለው ያቆሙኝ እኔ ነኝ።

በዚያው ዓመት ስቅለት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነበርኩ። ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከሰማይ ከታየ ብርሃን ነው ይባላል፤ ቤተ ክርስቲያኑን የተከለው ዘርዐ ያዕቆብ ነው። ስለዚህ ንጉሥ ሳስብ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይከብደኛል፤ ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያደረገ እሱ ነው፣ በገዛ ልጆቹ ላይ እንኳ ሳይራራ የቀጣም እሱ ነው። የምሕረትን መጽሐፍ ለሕዝብ ሁሉ ሰጥቶ በገዛ ልብ ምሕረት ማጣት እንደሚቻል አውቃለሁ። እኔም በየወሩ ኪዳነ ምሕረትን እዘክር ነበር።

ሲመሽ፣ ከስግደቱ በኋላ፣ ሰዉ ተሰልፎ ካህናቱ ፊት እያጎነበሰ ጀርባውን በወይራ ዝንጣፊ ቸብ ቸብ ይደረጋል፤ ከዚያ የሚሰግደው ስግደት ይነገረዋል። ተራዬ ደርሶ ሳጎነብስ ያላሰብኩት ከአፌ ወጣ። «አባቴ፣ በሐሰት አስመስክሬያለሁ።» ወይራው ቆመ። ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ካህኑ ግን አልቸኮሉም። «በማን ላይ?» አሉኝ ዝቅ ብለው። ነገርኳቸው። ቸብ ቸብ አደረጉኝ፤ ስግደቱን ነገሩኝ፤ ከዚያ ጆሮዬ አጠገብ «ሄደህ ለራሱ ንገረው» አሉ።

ለዳግማይ ትንሣኤ መንዝ ሄድኩ። ጋሼ ከምድጃው አጠገብ፣ ባና ለብሰው ተቀምጠዋል። ሚስታቸው እቴቴ ዱለት አቀረቡ። እኔ መጉረስ አቃተኝ። እቴቴ ጠላ ሊቀዱ ወደ ጓዳ ሲገቡ ተንበረከክሁና ነገርኳቸው፤ ጠላ ቤቱን፣ ያስጠናሁትን ቃል፣ ሁሉንም።

«አውቃለሁ» አሉ።

ቀና አልኩ።

«ሰውየው ያለፈው ፍልሰታ ሳይሞት ነግሮኛል። አልጋው ላይ ሆኖ አስጠርቶኝ፣ እንደዚህ እንዳንተ እያለቀሰ። ይፍታህ አልኩት። ስወጣ የራሴ ታየኝ። ወንድሜን ቀብሬ ሳልውል ሳላድር ድንጋዩን የነቀልኩበት ሌሊት። መስቀል ሲያልፍ ሽማግሌ የላክሁብህ ለዚያ ነው።»

«ታዲያ ሽማግሌዎቹ ፊት ለምን አላነሡትም? እኔኮ ቆሜ ነበር፤ እያወቁ...»

ጋሼ በእንጨት እሳቱን ቆሰቆሱት። «ድንጋዩን መንቀሌ ሐሰት ነበር እንዴ? ደግሞ ብናገር ያሸክሙህ ነበር። የወንድሜ ልጅ በማርያም ደጅ ድንጋይ ተሸክሞ ልየው?»

እግራቸውን ያዝኩ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ፤ ከበድ ያለ፣ የሞፈር ጠባሳ ያለበት እጅ ነው።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። «በል ብላ፤ ዱለቱ ቀዘቀዘብህ። እቴቴህ ስትመጣ ሳትበላ ካገኘችህ እኔን ነው የምትቆጣ።»

እቴቴ ዋንጫውን ሞልተው መጡ። ውጭ በጎቹ እየገቡ ነበር፤ ጋሼ ባናቸውን ሰብስበው፣ ክርናቸውን ጉልበታቸው ላይ ተደግፈው ተነሡና በሩን ሊከፍቱላቸው ወጡ።